ብስክሌትና ሌባ፦ ከቁጥር ሰሌዳ እስከ መከታተያ መሣሪያ

የሰው ልጅ ለመጓጓዣ ከፈለሰፋቸው መሣሪያዎች መካከል እንደ ብስክሌት በዋጋው ዝቅተኛ፣ በአሠራሩ ቀላል፣ በአገልግሎቱም ሰፊ የሆነ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ ለባለቤቱ የሚመቸው ጠባዩ ሁሉ ለሌባም የሚመች ሆኖ ይገኛል። ክብደቱ ትንሽ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል፤ ሞተር የሚያስነሣ ቁልፍ ስለሌለው ኮርቻው ላይ የወጣ ሁሉ ይነዳዋል፤ አንዱ ከሌላው ስለሚመሳሰልም ገበያ መካከል ሲቀላቀል ለመለየት ያዳግታል። ከሁሉም በላይ ለሌባው ማምለጫ የሚሆነው የሰረቀው ንብረት ራሱ ነው።

ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በ1817 በሁለት ጎማ የሚሄደውን የእንጨት መሣሪያውን በማንሃይም ከተማ ነድቶ ባሳየ ጊዜ፣ ፈጠራው ለጥቂት ሰዎች መዝናኛ ከመሆን ብዙም አላለፈም ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ሁለቱ ጎማዎቹ ተመጣጣኝ የሆኑትን፣ የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚሽከረከረውን ብስክሌት በኮቨንትሪ ከሠራ፣ ጆን ደንሎፕም በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ ካስመዘገበ በኋላ ግን ብስክሌት የሠራተኛው፣ የተላላኪው፣ የተማሪውና የነጋዴው የዕለት መሣሪያ ሆነ። የዕለት እንጀራ የሚገኝበት መሣሪያ ሲሰረቅ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ የሥራ ሰዓት፣ ደመወዙና የቤተሰቡ ኑሮም አብረው ይናጋሉ።

ዛሬ ብዙ ሰዎች ለዚህ ችግር መፍትሔው ትንሽ የመከታተያ መሣሪያ እንደ ሆነች ያምናሉ። ብስክሌቱ ቢሰረቅ ያለበት ቦታ በስልክ ካርታ ላይ ይታያል፤ እንግዲህ የቀረው ሄዶ ማምጣት ብቻ ነው ይባላል። ካለፉት መቶ ዓመታት የጥበቃ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ብስክሌትን ለመጠበቅ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፤ ይኸውም ብስክሌቱ እንዳይወሰድ ምን ይያዘው? ከተወሰደ የማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ከጠፋስ የት እንዳለ ማን ይናገራል? የሚሉት ናቸው። መከታተያ መሣሪያ የሚመልሰው ሦስተኛውን ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሦስቱ መልሶች እንዴት እንደ ተፈለሰፉና አንዱ ያለ ሌላው ለምን እንደሚጎድል ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሌዳና ቁጥር

የኔዘርላንድ መንግሥት በ1924 በእያንዳንዱ ብስክሌት ላይ ግብር ጣለ። ባለቤቱ በዓመት 3 ጊልደር ከፍሎ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይቀበላል፤ ሰሌዳይቱንም በብስክሌቱ ላይ ያስራል። ዓላማው ለመንግሥት ገቢ ማግኘት እንጂ ሌባን መከላከል አልነበረም። ሆኖም ሰሌዳይቱ ራሷ ገንዘብ የተከፈለባት በመሆኗ ሌቦች ብስክሌቱን ትተው እርሷን ብቻ ይፈቱ ጀመር። ከዚህም የተነሣ ሰሌዳይቱን ከብስክሌቱ ነቅለው በልብሳቸው ላይ የሚያደርጓት ሰዎች ታዩ። ለሥራ አጦች በነጻ የሚታደለው ሰሌዳ ደግሞ ቀዳዳ ተበጅቶለት ስለ ነበር ድህነታቸውን በአደባባይ የሚያሳውቅ ምልክት ሆነባቸው። መሐንዲስ ከዚህ የሚያስተውለው ነገር አለ። ከዕቃው ተነቅሎ የሚወጣ መለያ የዕቃው መለያ ሊሆን አይችልም።

ዴንማርክ ይህን ጉድለት የሚያስወግድ ሥርዓት በ1942 አቆመች። ቁጥሩ በብስክሌቱ ዋና የብረት አካል ላይ እንዲቀረጽ ተደረገ፤ በመኪና ላይ የሻንሲ ቁጥር እንደሚባለው ማለት ነው። ቁጥሩ የፋብሪካውን መለያ፣ የብስክሌቱን ተራ ቁጥርና የተሠራበትን ዓመት ይናገራል። ከ1948 ጀምሮ ይህ ቁጥር የሌለውን ብስክሌት መሸጥ በዴንማርክ በሕግ ተከለከለ። የመድን ድርጅቶችም ቁጥሩ ላልተመዘገበ ብስክሌት ካሣ አይከፍሉም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አምራቹ፣ ሻጩ፣ ገዢው፣ ፖሊሱና መድን ሰጪው ሁሉ አንዱን ቁጥር እየተመለከቱ ይነጋገራሉ። ጃፓንም በ1980 ባወጣችው የብስክሌት ሕግ ባለቤቶች ብስክሌታቸውን በፖሊስ ዘንድ እንዲያስመዘግቡ አሳሰበች፤ በ1994 ደግሞ ምዝገባውን ግዴታ አደረገችው።

የቁጥርን ጥቅምም ወሰንም በአንድነት ያሳየ የጥበብ ሥራ ቢኖር ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 ያወጣው የብስክሌት ሌቦች የተሰኘው ፊልም ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮም ከተማ ሥራ አጥ የነበረው አንቶኒዮ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ግን ብስክሌት ለሌለው አይሰጥም። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቅበታል። በአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የሚጠራጠረውን ብስክሌት ሲያይ ፖሊስ ተጠርቶ የብረቱ ቁጥር ይመረመራል፤ ቁጥሩም የእርሱ ሳይሆን ይቀራል። ኋላ ሌባውን ራሱን በሰፈሩ ያገኘዋል፤ ፖሊሱም ቤቱን ይፈትሻል። ነገር ግን ብስክሌቱ በቤቱ አልተገኘም፤ የሚመሰክርም ሰው የለም። አንቶኒዮ ሌባውን አውቆታል፤ ሰፈሩንም አውቆታል፤ ማወቁ ግን ብስክሌቱን አላስመለሰለትም። ይህ ነጥብ ስለ ዘመናዊው መከታተያ መሣሪያ ስንመረምር እንደገና የሚመጣ ስለ ሆነ አንባቢው ልብ ይበለው።

መዝገብና ቁጥር የሚያገለግሉትም የሚጠብቃቸው ሥልጣን ታማኝ ሲሆን ብቻ ነው። በ1942 የጀርመን ወራሪ ጦር በኔዘርላንድ አይሁዶች ብስክሌታቸውን እንዲያስረክቡ አዘዘ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ ከሌላውም ሕዝብ ብስክሌት በግዳጅ ይሰበስብ ጀመር። ሕግ አስከባሪ ነኝ የሚለው ክፍል ራሱ ቀማኛ ሲሆን ቁልፍም ቁጥርም ዋጋ አይኖረውም። የዚያ ዘመን ቅሬታ ለብዙ አሥርተ ዓመታት አልተረሳም፤ ኔዘርላንዳውያን በእግር ኳስ ሜዳ ጀርመኖችን ሲገጥሙ ብስክሌታችንን መልሱ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

የቁልፍ ዘመን

አምስተርዳም ውስጥ ፕሮቮ የተባሉት ወጣቶች በ1965 አዲስ አሳብ ይዘው ተነሡ። ሉድ ስኺመልፔኒንክ ባቀረበው ዕቅድ መሠረት ነጭ ቀለም የተቀቡ ብስክሌቶች ሳይቆለፉ በየመንገዱ ይቀመጣሉ፤ የፈለገ ሰው ነድቶ ከደረሰበት ቦታ ይተዋቸዋል። ሁሉም የሁሉ ከሆነ ሌባ አይኖርም ማለታቸው ነበር። ፖሊስ ግን ብስክሌትን ሳይቆልፉ በመንገድ ላይ መተው በሕግ የተከለከለ ነው ብሎ ነጫጮቹን ብስክሌቶች ሰበሰበ። ወጣቶቹም በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ገጠሙላቸውና ሁሉም ሰው እንዲያነበው የመክፈቻውን ቁጥር በብስክሌቱ ላይ ጻፉት። ሙከራው ብዙም ባይዘልቅም፣ ዛሬ በብዙ ከተሞች ለሚታየው የብስክሌት ኪራይ አገልግሎት መነሻ አሳብ ሆኖ ይቆጠራል። ሕጉ በወቅቱ ቁልፍን የባለቤቱ ግዴታ አድርጎ መመልከቱም ከዚህ ታሪክ በግልጽ ይታያል።

በአሜሪካ ማይክል ዜን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሪፕቶናይት የተሰኘውን ኩባንያ አቋቁሞ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለውን ጠንካራ የብረት ቁልፍ ማምረት ጀመረ። ከዚያ በፊት የተለመደው ሰንሰለትና ጓጉንቸር በመቁረጫ መቀስ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይበጠስ ስለ ነበር አዲሱ ቁልፍ ትልቅ እርምጃ ነበር። ኩባንያው አንድ ብስክሌት በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆልፎ ለ30 ቀን በመተው የቁልፉን ጥንካሬ አሳይቷል፤ ሌቦቹም ሊፈቱ የሚችሉትን ዕቃ ሁሉ ፈትተው ሲወስዱ በቁልፉ የተያዘው ዋናው አካል ግን በቦታው ቀረ።

ይሁን እንጂ ጥንካሬ በብረቱ ውፍረት ብቻ አይለካም። ክብ ቱቦ የሚመስል መክፈቻ ያላቸው ቁልፎች በተራ የእስክሪብቶ ቀፎ ሊከፈቱ እንደሚችሉ በ1992 በእንግሊዝ አገር ተጽፎ ነበር፤ ነገሩን ልብ ያለው ግን አልነበረም። በ2004 መስከረም ይኸው ዘዴ በተንቀሳቃሽ ምስል ሲሠራጭ ዓለም ሁሉ ተመለከተው። ክሪፕቶናይትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁልፎችን ያለ ክፍያ ለመለወጥ ተገደደ። ለ12 ዓመት የታወቀ ጉድለት ሳይታረም መቆየቱ ለማናቸውም የምሕንድስና ባለሙያ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ነው። የአንድ ዕቃ ደካማ ጎን በጥቂቶች ዘንድ ብቻ መታወቁ ደካማነቱን አያስቀረውም።

ስለ ቁልፍ ሌላም የሚነገር ነገር አለ። በአንድ ማቆሚያ ላይ ከተደረደሩት ብስክሌቶች አንዱ ከሌላው የጠነከረ ቁልፍ ቢኖረው ሌባው ወደ ጎረቤቱ ዘወር ይላል። ስለዚህ በዓይን የሚታይ ቁልፍ የባለቤቱን ንብረት ሲጠብቅ አደጋውን በከፊል ወደ ሌላው ያሸጋግራል እንጂ የስርቆቱን ጠቅላላ መጠን በዚያው ልክ ላይቀንስ ይችላል። ይህን የሚቃረን ጠባይ ያለው ጥበቃ የተገኘው መጀመሪያ ለብስክሌት ሳይሆን ለመኪና ነበር።

ተደብቆ የሚጣራ ራዲዮ

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ሎጃክ የተባለው ኩባንያ የተሰረቀ መኪናን በራዲዮ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ በ1986 ሥራ ላይ አዋለ። ትንሿ ራዲዮ ከመኪናው አካል ውስጥ ባለቤቱ እንኳ በማያውቀው ቦታ ትደበቃለች። በሌላ ጊዜ ዝም ብላ ትቀመጣለች። መኪናው እንደ ተሰረቀ ለፖሊስ ተነግሮ በፖሊስ መዝገብ ሲገባ ግን ከማሠራጫ ጣቢያ የሚላክ ምልክት ይቀሰቅሳታል፤ እርሷም ራሷን የምትገልጽ ድምፅ መላክ ትጀምራለች። በፖሊስ መኪኖች ላይ የተተከለው መቀበያ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ስለሚያመለክት ፖሊሶቹ እየተከተሉ ይደርሱበታል።

ኢያን አይረስና ስቲቨን ሌቪት የተባሉ ምሁራን በ1998 ባሳተሙት ጥናት የዚህን መሣሪያ ውጤት መረመሩ። በአንድ አካባቢ መሣሪያው የተገጠመላቸው መኪኖች ድርሻ በ1 በመቶ ነጥብ ሲጨምር በትላልቅ ከተሞች የመኪና ስርቆት ወደ 20 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አገኙ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። መሣሪያው ስለማይታይ ሌባው የትኛው መኪና እንደሚናገርበት አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ይፈራል። ጥናቱ እንዳመለከተው ከሚገኘው ጠቅላላ ጥቅም ውስጥ መሣሪያውን ገዝቶ ያስገጠመው ሰው የሚደርሰው ከአሥር በመቶ ያነሰ ነው፤ የቀረው ጥቅም መሣሪያውን ላልገዙት ጎረቤቶቹ ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንደኛ፣ የሚታየው ቁልፍ ስርቆትን ወደ ጎረቤት ሲገፋ የማይታየው መከታተያ ጎረቤትንም ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ሎጃክ የተሳካለት በራዲዮው ረቂቅነት ብቻ አልነበረም። መቀበያው በፖሊስ መኪና ውስጥ ስለ ነበር፣ የመኪናው ቁጥርም በመዝገብ ስለ ነበር፣ ፖሊሱም የመሄድ ግዴታና ሥልጣን ስለ ነበረው ነው። የብስክሌት መከታተያ በኋላ ሲመጣ ራዲዮውን ወሰደ፤ የቀረውን ሥርዓት ግን አብሮ አላመጣም።

ከሳተላይት የሚመጣ ሰዓት

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1973 የጀመረው ጂፒኤስ የተባለው የሳተላይት መርሐ ግብር የመጀመሪያውን ሳተላይት በ1978 ወደ ሰማይ አመጠቀ፤ ሥርዓቱ በሙሉ ኃይሉ መሥራት መጀመሩ የተነገረው በ1995 ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት የሚልከው በመሠረቱ የራሱን ሰዓትና ቦታ ነው። ምድር ላይ ያለው መቀበያ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ አስልቶ ርቀቱን ያውቃል። የራዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ስሕተት ቦታውን በ300 ሜትር ያዛንፈዋል። የመቀበያው ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ ሰዓት ትክክለኛ ስላልሆነ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው ለሰዓቱ ማረሚያ ማለት ነው።

እስከ 2000 ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ሊደርስ ይችል ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ማዛባቱ ሲቆም ትክክለኛነቱ ብዙ ጊዜ ተሻሻለ፤ ዛሬ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ ስሕተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። መቀበያዎቹም እየረከሱና እያነሱ ሄደው ከብስክሌት ኮርቻ ሥር ወይም ከመብራቱ ውስጥ ለመደበቅ በቁ።

ነገር ግን ብዙ ሰዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። የጂፒኤስ መቀበያ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ያለበትን ቦታ ለራሱ ያውቃል፤ ለባለቤቱ ለመንገር ግን የስልክ መስመርና መላኪያ ራዲዮ ያስፈልገዋል። ይህም ባትሪ ይጨርሳል፤ ወርኃዊ ክፍያም ያስከትላል። ከሳተላይት የሚደርሰው ምልክት ከአንድ ዋት ትሪሊዮንኛ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ብስክሌቱ ምድር ቤት ውስጥ ወይም በብረት በተሠራ የጭነት መኪና ውስጥ ሲገባ መቀበያው ይደነቁራል። የብስክሌቱ የብረት ቱቦ ራሱም ሞገድን ስለሚጋርድ መሣሪያውን በደንብ ለመደበቅ በተፈለገ ቁጥር የመስማት ኃይሉ ይቀንሳል። እንግዲህ የመከታተያ ነዳፊ ሁልጊዜ የሚታገለው ከሦስት ነገሮች ጋር ነው፤ ከመደበቅ፣ ከመስማትና ከባትሪ ዕድሜ ጋር።

የአላፊ አግዳሚው ስልክ

አፕል የተባለው ኩባንያ በ2021 ሚያዝያ ያወጣው ኤርታግ ይህን ትግል በሌላ መንገድ ለመፍታት የሞከረ መሣሪያ ነው። መጠኑ ከአንድ ትልቅ ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። በውስጡ የሳተላይት መቀበያ የለውም፤ በብሉቱዝ ራዲዮ አጭር ምልክት ይልካል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው የኩባንያው ስልክ ካለው ስልኩ ምልክቱን ሰምቶ የራሱን ቦታ በምስጢር ቋንቋ አሽጎ ይልካል፤ ባለቤቱም ብቻ ይፈታዋል። አላፊ አግዳሚው ይህን ማድረጉን እንኳ አያውቅም። ከዚህም የተነሣ መሣሪያው በአንዲት ትንሽ ባትሪ አንድ ዓመት ያህል ይሠራል። ሕዝብ በሚበዛበት ከተማ የሚያስደንቅ ውጤት ሲያሳይ ሰው በማያልፍበት ቦታ ግን ዲዳ ይሆናል።

ዳሩ ግን ብስክሌትን የሚከታተል መሣሪያ ሰውንም ይከታተላል። አንዳንድ ክፉ ሰዎች መሣሪያውን በሌላ ሰው ቦርሳ ወይም መኪና ውስጥ ደብቀው የሰውን፣ በተለይም የሴቶችን እንቅስቃሴ ለመሰለል ተጠቀሙበት። ስለዚህ የማያውቁት መሣሪያ አብሯቸው የሚጓዝ ሰዎች በስልካቸው ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው፣ መሣሪያውም ከባለቤቱ ተለይቶ ሲቆይ እንዲጮህ ተደረገ። አፕልና ጎግል በ2023 ለዚህ የሚሆን የጋራ ደንብ አቀረቡ፤ በ2024 ግንቦትም በሁለቱም ዓይነት ስልኮች ላይ ሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ችግሩን ልብ ማለት ይገባል። መሣሪያው በድብቅ የተሰለለችውን ሴት ሲያስጠነቅቅ የሰረቀውንም ሌባ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን መለየት አይችልም፤ በሁለቱም ዘንድ የሚያየው የባለቤቱ ባልሆነ ሰው እጅ መጓዙን ብቻ ነውና። ታይል የተባለው ሌላ ኩባንያ በ2023 የካቲት ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ የሚፈቅድ አሠራር አወጣ፤ ይህን የሚፈልግ ተጠቃሚ ግን ማንነቱን በመታወቂያ ማስመዝገብና መሣሪያውን ለመሰለል ተጠቅሞበት ቢፈረድበት 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማት ነበረበት። በሌላ አነጋገር፣ ቴክኒክ ሊፈታው ያልቻለውን ጥያቄ ወደ ምዝገባና ወደ ሕግ መለሰው። ከሰው ደኅንነትና ከብስክሌት አንዱ መመረጥ ካለበት ሰው መቅደሙ አያከራክርም፤ የምርጫው ዋጋ ግን በግልጽ መታወቅ አለበት።

አምስተርዳም፣ 2021

የተሰረቀ ብስክሌት ወዴት እንደሚሄድ ለረጅም ጊዜ በግምት ብቻ ይነገር ነበር። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኔዘርላንዱ ዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ይህን ለመመርመር 100 ያገለገሉ ብስክሌቶችን መከታተያ ደብቀውባቸው በአምስተርዳም መንገዶች ላይ አቆሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶው 70ው ተሰረቁ። ውጤቱ በ2023 ታትሞ ሲወጣ አንባቢን ያስገረመው የስርቆቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከጥቂቶች በቀር የተሰረቁት ብስክሌቶች ከከተማዋ አልወጡም። በድንበር ተሻግረው ወደ ሩቅ አገር ይላካሉ የሚለው ግምት በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ አልታየም።

ይህ ለመሐንዲሱ ብዙ የሚናገር ግኝት ነው። ብስክሌቱ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚሽከረከር ከሆነ እዚያው ከተማ ውስጥ የሚገዛው ሰው አለ ማለት ነው። ሌባ የሚኖረው ገዢ ስላለው ነው። በርካሽ የቀረበለትን ብስክሌት ከየት መጣ ብሎ የማይጠይቅ ገዢ እስካለ ድረስ ጠንካራው ቁልፍ ስርቆቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። በአንጻሩ ገዢው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቦ ከተሰረቁት መዝገብ ጋር ማመሳከር ቢለምድ የሌባው ዕቃ ገበያ ያጣል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት በሰሌዳ የተጀመረው አሮጌው የማንነት ጥያቄ ከሳተላይቱ ዘመንም በኋላ ዋጋውን አላጣም።

ቦታን ማወቅና ንብረትን ማስመለስ

በአገራችን በጥንት ጊዜ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ንብረት ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና በመቀነት ተይዞ ይለቀቃል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠር ነበር። ሥርዓቱ ኋላ የቀረው ስፍራን ከማመልከት በቀር ማስረጃ ስላልነበረው፣ ብዙ ንጹሐንንም ስለሚያስጠቃ ነው። በሌላ በኩል አውጫጭኝ የተባለው ልማድ የአካባቢውን ሕዝብ ሰብስቦ የሚያውቅ እንዲናገር ያስገድድ ነበር፤ የራሱ ጉድለቶች ቢኖሩትም ነገሩን ከአንድ ሰው ጥርጣሬ ወደ ማኅበረሰቡ ኃላፊነት ያወጣው ነበር።

በስልክ ካርታ ላይ የምትታየው ነጥብ በትክክለኛነቷ ከሌባ ሻይ ጋር አትነጻጸርም። ነገር ግን ነጥቧም ብትሆን የምታመለክተው ስፍራን ነው። ነጥቧ ብዙ በሮች ባሉት ፎቅ ላይ ብታርፍ ከየትኛው በር ጀርባ እንደ ሆነ አትናገርም። ከበሩ ጀርባ ያለው ሰው ሌባው ይሁን ወይም ሳያውቅ የገዛ ይሁን አትለይም። ብስክሌቱ የከሳሹ መሆኑንም አታረጋግጥም። ፖሊስ በዚህች ነጥብ ብቻ የሰው ቤት ሰብሮ ሊገባ አይችልም፤ እንዳይችል የሚከለክለው ሕግም የሁሉንም ሰው ቤት የሚጠብቅ መልካም ሕግ ነው። ባለንብረቱ ብቻውን ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ ደግሞ በብስክሌት ምክንያት ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ያለው አንቶኒዮ በዘመናችን ቢኖርና መከታተያ ቢኖረው እንኳ ከዚያው ደጃፍ ሳያልፍ ይቀር ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረጉ ጥረቶች አሉ። የኔዘርላንድ ፖሊስ መከታተያ የተደበቀባቸውን የማጥመጃ ብስክሌቶች በመንገድ ላይ ያቆማል። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2008 በሰጠው ውሳኔ ሌባውን ያላሰበውን ወንጀል እንዲሠራ እስካልገፋፉት ድረስ ይህ ዘዴ የተፈቀደ መሆኑን አጽድቋል። እዚህ ላይ ባለንብረቱም፣ ተከታታዩም፣ የማሰር ሥልጣን ያለውም አንድ አካል ስለ ሆነ ሰንሰለቱ አይበጠስም። ቫንሙፍ የተባለው በ2009 በአምስተርዳም የተመሠረተ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አምራች ደግሞ መከታተያውን በብስክሌቱ ውስጥ ሠርቶ፣ የተሰረቀውን ፈልገው የሚያመጡ ሠራተኞችን ቀጥሮ ነበር። ኩባንያው በ2023 ሐምሌ ሲከስር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞች ብስክሌታቸው ከኩባንያው ኮምፒዩተር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ቁልፋቸው ይዘጋ ይሆን ብለው ተጨነቁ። ሌላ ኩባንያ በኋላ ቢገዛውም ነገሩ ያስተማረው አለ። ጥበቃን ለአንድ ነጋዴ ብቻ አሳልፎ የሰጠ ሰው ነጋዴው ሲወድቅ ጥበቃውም አብሮ ሊወድቅበት ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ መከታተያ መሣሪያ ጥቅም የለውም አያሰኝም። በሎጃክ እንደ ታየው ተደብቆ የሚናገር መሣሪያ ከቁልፍ የሚበልጥ የጋራ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን በአካሉ ላይ የተቀረጸ ቁጥር፣ ሻጭና ገዢ የሚያመሳክሩት መዝገብ፣ አቤቱታ የሚቀበልና ወደ ስፍራው የሚሄድ ፖሊስ ሲኖር ነው። እነዚህ በሌሉበት መሣሪያው ለባለቤቱ የሚሰጠው ብስክሌቱ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ከተማውን ሲዞር የማየት ሥቃይ ብቻ ነው።

ለምሕንድስና ባለሙያ የሚተርፈው ሥራም ከዚሁ ይመነጫል። ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ በሆነባቸው እንደ ባሕር ዳር ባሉ ከተሞቻችን ውድ መከታተያ ከመግዛት አስቀድሞ በርካሽ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ብስክሌት ሲሸጥ በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ገዢውም ያንን ደረሰኝ ይጠብቅ። ማቆሚያ ሲነደፍ ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን አካል የሚያስቆልፍና ሰው ከሚያይበት ስፍራ የሚተከል ይሁን። የቁጥር መዝገብ ሲቋቋም አሮጌ ብስክሌት የሚገዛ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያመሳክረው ይሁን። እነዚህ ሲሟሉ፣ በዚያን ጊዜ ከሰማይ የሚመጣው ምልክት ምድር ላይ የሚቀበለው ሰው ያገኛል።